መርከቧን የሚያሰምጡ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደይ ወራት በኒው ዮርክ ብሮድዌይ አሥር ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባት መርከብ አልሰምጥም ብላ አስቸገረች። በለንት ፎንታን ቲያትር ቤት የቆመው መድረክ ባለ ሦስት ደርብ ሆኖ በሃይድሮሊክ ኃይል እየተነሣ የሚያጋድል ግዙፍ መዋቅር ነበር። ተመልካቹ ወለሉ ቀስ በቀስ ሲዘም፣ ባለጸጋውም እሳት ቆስቋሹም እኩል ሲንሸራተቱ እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ነው። ከይፋዊው መክፈቻ በፊት በታዩት የሙከራ ትርኢቶች ግን ማሽኑ እየተሰናከለ አዘጋጆቹን አሳፈረ። ለጋዜጠኞችማ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ አልነበረም፤ ታይታኒክ ዘንድሮ አልሰምጥ አለች እያሉ ተሳለቁ።

ሆኖም ኤፕሪል 23 ቀን መጋረጃው በይፋ ተገለጠ። ከሐያስያን ብዙዎቹ ፊት ቢነሡትም “ታይታኒክ” የተሰኘው ይህ ሙዚቃዊ ቲያትር የዓመቱን የምርጥ ሙዚቃዊ ቲያትር ሽልማት ጨምሮ የታጨባቸውን አምስት የቶኒ ሽልማቶች በሙሉ ወሰደ። እስከ ማርች 28 ቀን 1999 ድረስም 804 ጊዜ ታየ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ብረት ከመድረክ ወረደ። ተውኔቱ ግን አልተቀበረም፤ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የከተማ አዳራሾችና የትምህርት ቤት መድረኮች ሌላ ዕድሜ አገኘ። የሚሠሩትም ቀን ቀን ነርስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ሆነው ውለው ማታ ማታ ያለ ክፍያ ለጥናት የሚሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። እዚያ ሃይድሮሊክ የሚባል ነገር የለም። መርከቧ ግን ትሰምጣለች።

የአማተሮቹ ድፍረት ከየት መጣ ቢባል ነገሩ ከብሮድዌይ ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ፣ በዮርክና በቼስተር ከተሞች፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ከፍጥረት እስከ ፍርድ ቀን በሰረገላ ላይ እያሳዩ መንገድ ለመንገድ የሚዞሩት የየሙያው ማኅበራት ነበሩ። ክፍፍሉ ዘፈቀደ አልነበረም። በዮርክ የኖኅን መርከብ አሠራር የሚያሳዩት መርከብ ሠሪዎቹ ሲሆኑ የጥፋት ውኃው ደግሞ የዓሣ አጥማጆችና የባሕረኞች ድርሻ ነበር። በቼስተር ያው የጥፋት ውኃ ከዲ ወንዝ ውኃ እየቀዱ ለከተማው የሚያመላልሱ ሰዎች ማኅበር ይዞታ ነበር። ዓለም በውኃ የጠፋችበትን ታሪክ በጀርባቸው ውኃ የሚሸከሙ ሰዎች ሲጫወቱት ተመልካቹ ጎረቤቱን ያያል፤ ታሪኩም የሩቅ ታሪክ መሆኑ ይቀራል። የቼስተር ትርኢት ለመጨረሻ ጊዜ በ1575 ከታየ በኋላ ልማዱ ተቋረጠ። ጽሑፉ ግን ተረፈ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ልማዱ ከተቋረጠ በኋላ አደጋን የማሳየቱ ሥራ ወደ ማሽን ባለቤቶች ዞረ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካውያን የደረሰባቸውን አደጋ ቲኬት ቆርጠው የሚያዩ ሆኑ። በ1889 ከ2,200 በላይ ሰዎችን የፈጀው የጆንስታውን ጎርፍ በ1901 በቡፋሎ ዐውደ ርእይ ላይ በመብራትና በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀረበ። በ1900 የቴክሳስን ወደብ ጋልቬስተንን ያጠፋው ማዕበል ደግሞ በኮኒ አይላንድ መዝናኛ ከዚያም በ1904 በሴንት ሉዊስ ዐውደ ርእይ ታየ። ውኃው ሲያጓራ፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ይታያል። የሞቱት ሰዎች ግን በትርኢቱ ውስጥ ስም የላቸውም። ሕዝቡ ጎርፉን ሊያይ መጣ፤ ጎርፉን አይቶ ሄደ።

ታይታኒክም ከዚህ ጥድፊያ አላመለጠችም። እኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912) በምንለው ሌሊት ሰጥማ ገና ወር እንደሞላት “ሴቭድ ፍሮም ዘ ታይታኒክ” የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ለእይታ በቃ። መሪ ተዋናይዋ ዶሮቲ ጊብሰን ከዚያችው መርከብ በነፍስ አድን ጀልባ የተረፈች ሴት ናት፤ በፊልሙም የለበሰችው በዚያ ሌሊት ለብሳው የነበረውን ልብስ ነው። የፊልሙ ቅጂ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። አንዲት ሴት ከሞት በተረፈች በሳምንታት ውስጥ ያንኑ ልብስ አጥልቃ ካሜራ ፊት መቆሟን ሲያስቡት ግን ዛሬም ያንገበግባል።

ታሪኩን በጨዋ ደንብ መድረክ ላይ ማውጣት እንደሚቻል ያሳየው እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ኖኤል ካዋርድ ነው። “ካቫልኬድ” የተሰኘው ሥራው በ1931 በለንደን ድሩሪ ሌን ቲያትር ቤት ሲከፈት በመቶ የሚቆጠሩ ተዋንያን ተሰልፈውበት፣ የመድረኩ ወለል በሃይድሮሊክ ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ግን ሰው የማይረሳው አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ሁለት አዲስ ሙሽሮች በአንድ መርከብ ላይ የወለሉን አጥር ተደግፈው ስለ ፍቅራቸውና ስለ ወደፊት ኑሯቸው ያወራሉ። ሴቲቱ አጥሩ ላይ ጥላው የነበረውን ካባ ታነሣለች። ካባው ሸፍኖት የነበረው የነፍስ አድን ቀለበት ይገለጣል፤ የመርከቧ ስምም ይነበባል። መብራቱ ይጠፋል። ውኃ የለም፣ በረዶ የለም፣ የሚጮኽ የለም። አንድ ካባና አንድ ቀለበት ብቻ። የትኛውም የትምህርት ቤት ቡድን ሊያገኘው የሚችል ዕቃ ነው።

ከማሽኑ ማዶ ሌላ ነገር በዝግታ እያደገ ነበር። በእንግሊዝ ከተሞች የጊልበርትና ሰሊቫንን ኦፔሬታዎች ለመዝፈን የተሰባሰቡ አማተር ማኅበራት በመበራከታቸው በ1899 ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬም አለ። የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ሳይቀር የራሱ ኅብረ ዘማሪና የነሐስ ባንድ ነበረው። ከታይታኒክ ጋር የሰጠመው የሙዚቃ ቡድን መሪ ዋላስ ሃርትሊም የዚህ ባህል ልጅ ነው። አባቱ በላንካሸር ግዛት በኮልን ከተማ የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት የመዘምራን አለቃ ነበሩ። ሃርትሊና ሰባት ባልደረቦቹ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት መንገደኛው እንዳይሸበር ሲጫወቱ ቆይተው ስምንቱም አለቁ። የሃርትሊ አስከሬን ተገኝቶ ሜይ 18 ቀን 1912 በኮልን ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። የአካባቢው ባንዶችና መዘምራን አጅበው ወደ መቃብር ወሰዱት። የታይታኒክን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በዜማ ከተሸከሙት መካከል የኮልን አማተሮች አሉ ማለት ይቻላል።

ወጣቶች ትልቅ ጥፋትን በመድረክ መሸከም እንደሚችሉ በማያጠራጥር ሁኔታ ያስመሰከረው ግን እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን ነው። ጁን 18 ቀን 1958 በሰፎክ ግዛት፣ በኦርፎርድ ቤተ ክርስቲያን፣ “ኖይስ ፍለድ” የተሰኘ ሥራው ተከፈተ። ግጥሙ ያ የቼስተር ውኃ ቀጂዎች ሲጫወቱት የነበረው ጽሑፍ ነው። ብሪተን ኖኅንና ሚስቱን ለሠለጠኑ ድምፃውያን ሰጥቶ ከቀረው አብዛኛውን ለልጆች ተወው። ልጆቹ እንስሳት ሆነው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በምእመናኑ መካከል አልፈው ወደ መርከቡ ይገባሉ፤ ጥሩንባ የሚነፉትም፣ ማሲንቆ መሰሉን ቫዮሊን በባዶ ክር የሚመቱትም ልጆች ናቸው።

የዝናቡን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ብሪተን የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ድምፅ የፈጠረው ከማንኛውም ወጥ ቤት በሚገኙ የሻይ ኩባያዎች ነው። ውፍረታቸውና ድምፃቸው የተለያዩ ኩባያዎች በገመድ በተርታ ተንጠልጥለው በእንጨት ማንኪያ ይመታሉ። አንዱ ጠብ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ይፈጥናል። ማዕበሉ ሲበረታ የባሕረኞች መዝሙር ይነሣል፤ የመጣው ታዳሚ ሁሉ ተነሥቶ አብሮ ይዘምራል። በዚያች ቅጽበት ተመልካች የሚባል የለም። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ በእንጨት ማንኪያ የጥፋት ውኃን ስታመጣ ያየ ሰው ብሮድዌይ አሥር ሚሊዮን ዶላር ለምን እንዳስፈለገው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ወደ “ታይታኒክ” እንመለስ። የመርከቧ ስብርባሪ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ላይ የተገኘው በሴፕቴምበር 1985 ነበር። የዜማና የግጥም ደራሲው ሞሪ የስተን ነገሩን ለመድረክ ማሰብ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የንግግሩ ጸሐፊ ፒተር ስቶን ቀደም ሲል የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ መፈረም “1776” ብሎ በሙዚቃዊ ቲያትር አሳይቷል። ሁሉም መጨረሻውን የሚያውቀውን ታሪክ ልብ አንጠልጣይ ማድረግ የሚችል ሰው ነበር። የስተን ለዜማው ወደ ጃዝ ወይም ወደ ዘመኑ ፖፕ አልሄደም። ታይታኒክ በተሠራችበት ዘመን በእንግሊዝ የነገሡትን የሙዚቃ ደራሲዎች፣ የኤልጋርንና የቮን ዊልያምስን መንፈስ ተከተለ። ያ ማለት ደግሞ ኅብረ ዝማሬ ነው፤ በአራት ድምፅ የሚቆም፣ ሰፊ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣዕም ያለው። የስተን ይህን ሲወስን የተውኔቱ ዕጣ ሳይታወቀው ተወሰነ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የአንድ ኮከብ ድምፅ ሳይሆን ብዙ ተራ ድምፆች በአንድነት ሲነሡ ነው የሚያምርበት።

በዚህ ተውኔት ውስጥ አንድ ብቸኛ ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ረጅሙ መክፈቻ የሚሄደው ሰዎች ተራ በተራ ወደ መርከቧ ሲወጡ ነው። መጀመሪያ እሳት ቆስቋሹ፣ ቀጥሎ መኮንኖቹ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ስደተኞች፣ ሁለተኛው ማዕረግ፣ በስተመጨረሻ ባለጸጎቹ። የሚወጡት እያንዳንዳቸው የሚመኙትን ይዘው ነው፤ አንዷ የወይዘሮ ደንገጡር ልትሆን፣ አንዱ ፖሊስ፣ ሌላው ነጋዴ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት መርከቧን በዝማሬ ይሸኛሉ። ለንግድ ቲያትር እንዲህ ያለው ሥራ ኪሳራ ነው፤ ወደ 40 ለሚጠጋ ተዋናይ በየሳምንቱ ደመወዝ መክፈል ይጠይቃል። በ2013 በለንደን ሳውዝዋርክ ፕሌይሃውስ ቲያትሩ በ20 ተዋንያን ብቻ ተጨምቆ የተሠራውና የተወደደውም በከፊል ለዚህ ነው። ለአማተር ማኅበር ግን የሰው ብዛት ሸክም ሳይሆን ሀብት ነው። መሪ ተዋናይ መሆን የማይችል፣ ድምፁ መካከለኛ የሆነ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ገና ፂሙ ያልበቀለ፣ ሁሉም መርከቧ ላይ ቦታ አለው። መርከቧ ከተማ ነበረች፤ ከተማን ከከተማ ሰው በላይ ማን ሊጫወተው?

ታዲያ እንዴት ትሰምጣለች? በአማተር አዳራሽ ሥራው የሚጀምረው በሰው ወገብ ነው። አዘጋጁ ኅብረ ዘማሪውን በደረጃ በደረጃ ያቆምና መርከቧ ወደ አፍንጫዋ ማዘንበል ስትጀምር ሁሉም በአንድ ሙዚቃዊ ምት ክብደታቸውን ወደ አንድ እግር እንዲያዛውሩ ያስጠናቸዋል። ወለሉ አልተነቃነቀም፤ 60 ሰው ግን ተነቃነቀ። የተመልካቹ ዓይን የተነቃነቀው ወለሉ ነው ብሎ ይፈርዳል። በሁለተኛው ክፍል፣ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች በሌሊት ልብሳቸው ላይ የነፍስ አድን ጃኬት ደርበው በሳሎኑ ተሰብስበው ሲያጉረመርሙ፣ የሻይ ጋሪ ማንም ሳይነካው መንከባለል ይጀምራል። ለዚህ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ቀጭን የዓሣ ማስገሪያ ክርና ትዕግሥት ያለው አንድ ልጅ ይበቃሉ። ልጁ ቶሎ ከጎተተ ተመልካቹ ይስቃል። ቀስ ብሎ ከጎተተ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ብዙ ቡድኖች ከጭፈራው ሁሉ በላይ ይህችን ቅጽበት ደጋግመው ያጠኗታል፤ ያስመሰግናቸዋልም።

ጀልባዎቹም ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። ታይታኒክ 20 የነፍስ አድን ጀልባዎች ይዛ ነበር፤ በሙሉ ቢሞሉ የሚያሳፍሩት 1,178 ሰው ነው። የተሳፈረው ደግሞ 2,200 ገደማ። ይህም ሆኖ 40 ሰው የምትይዘው አንደኛዋ ጀልባ 12 ሰው ብቻ ጭና ወረደች። አንድ ወጣት አዘጋጅ 40 ወንበር ደርድሮ 12ቱ ላይ ብቻ ሰው ቢያስቀምጥ፣ የቀሩት 28 ባዶ ወንበሮች ማንኛውም ንግግር ከሚለው በላይ ይላሉ። 1,500 ገደማ ሰው ሞቶ 700 ያህሉ ብቻ የተረፉበትን ምክንያት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገባዋል።

ችግሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሙዚቃው ይከብዳል። የመርከብ ሠራተኞቹ ክፍል በአብዛኛው የወንድ፣ ያውም ወፍራም የወንድ ድምፅ ይፈልጋል፤ በወጣት ቡድኖች ደግሞ ሁልጊዜ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ድምፁ ገና በመሰበር ላይ ያለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የካፒቴኑን ዜማ እንዲሸከም ማስገደድ ጉሮሮውን መጉዳት ነው። ብልህ የሙዚቃ መሪዎች ቁልፉን ዝቅና ከፍ ከማድረጋቸው በፊት የመብት ባለቤቱን ያስፈቅዳሉ። ሴቶቹን ኮፍያ አድርገው ከሰል ከሚያነሡት ጋር ያሰልፏቸዋል። ይህ ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም። የከሰል ክፍሉ ዝማሬ ኃይሉን የሚያገኘው ከፆታ ሳይሆን አብሮ ከሚወድቀው አካፋ ነው።

ሌላው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቲያትር ቤት ራሱ የአደጋ ታሪክ አለው። ዲሴምበር 30 ቀን 1903 በቺካጎ አይሮኳይ ቲያትር ቤት በገና ዕረፍት የቀን ትርኢት ላይ በተነሣ እሳት 600 ገደማ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፣ ብዙ መውጫ በሮችም ተቆልፈው ተገኝተዋል። የመርከብ ወለል ለማስመሰል መድረክ ከፍ የሚያደርግ፣ በጭስ ማሽን አዳራሽ የሚሞላ፣ በመሰላል በር የሚዘጋ ቡድን ይህን ማስታወስ አለበት። ልጆችን በሚያሳትፍ ትርኢትም በእንግሊዝ ደንብ አንድ ጠባቂ ከ12 ልጆች በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ቁጥሩ ለአዘጋጁ ራስ ምታት ነው፤ ለወላጅ ግን እንቅልፍ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የሚሠራው በጥናት ክፍል ነው። በብዙ ቡድኖች ዘንድ እያንዳንዱ የኅብረ ዝማሬ አባል፣ አንዲት ቃል የማይናገር እንኳ፣ ከመንገደኞች ወይም ከሠራተኞች መዝገብ የአንድ እውነተኛ ሰው ስም ይሰጠዋል። ከየት ተነሣ? ማንን ይዞ ነበር? ዳነ ወይስ ሞተ? ብሎ ፈልጎ ይመጣል። በዚህ መንገድ ወጣቶቹ ከፊልም የማያገኙትን ያገኛሉ። ከሦስተኛ ማዕረግ ልጆች የተረፉት ሲሶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን፣ በሁለተኛው ማዕረግ ግን ልጆቹ ሁሉ መትረፋቸውን ይደርሱበታል። ከሞቱት ከ500 በላይ የሚሆኑት የሳውዝሃምፕተን ነዋሪዎች እንደነበሩ፣ ብዙዎቹም በአንድ ሠፈር በአንድ መንገድ የሚኖሩ እሳት ቆስቋሾችና አስተናጋጆች እንደሆኑ ያያሉ። ተውኔቱ ያላሳያቸውንም ያገኛሉ። በመድረክ ላይ ጎልተው የሚታዩት የሦስተኛ ማዕረግ ሰዎች አይሪሾች ናቸው፤ መርከቧ ላይ ግን ስዊድናውያን፣ ፊንላንዳውያንና ከዛሬዋ ሊባኖስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችም ነበሩ። በሁለተኛው ማዕረግ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የተሳፈረ ጆሴፍ ላሮሽ የሚባል የሄይቲ ተወላጅ ጥቁር መሐንዲስ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ተረፉ፣ እርሱ ሞተ። ከተውኔቱ ዋና ገጸ ባሕርያት መካከል የለም። የጥቁር ቤተሰብ ልጅ የሆነ ተማሪ በዚህ መርከብ ላይ ቦታዬ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከመዝገቡ ይወጣል።

ወጣቶች የሌላ ሰው ድርሰት አጥኚ ብቻ ሆነው እንደማይቀሩ ደግሞ “ካም ፍሮም አዌይ” መስክሯል። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖች በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በምትገኘው ትንሿ ጋንደር ከተማ አረፉ። ከተማዋም 7,000 የሚጠጋ እንግዳ አበላች፣ አሳደረች። ይህ ታሪክ ሙዚቃዊ ቲያትር ሆኖ መጀመሪያ የተሞከረው በኦንታሪዮ ሸሪዳን ኮሌጅ በ2012 ነው፤ የሞከሩትም ተማሪዎች ናቸው። ብሮድዌይ የደረሰው በ2017 ሲሆን ያኔም 12 ተዋንያንና ጥቂት ወንበሮች በቅተውታል። ወንበሮቹ አንዴ አውሮፕላን፣ አንዴ አውቶቡስ፣ አንዴ ቡና ቤት ይሆናሉ። ከብሪተን የሻይ ኩባያ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

አንድ ዕዳ ግን ይቀራል፤ የእውነት ዕዳ። “ታይታኒክ” ስሞቹን ከእውነተኛ ሰዎች ወስዶ ዕጣቸውን አንዳንዴ ቀይሯል። በመድረክ ላይ እሳት ቆስቋሹ ፍሬድሪክ ባሬት በጀልባዋ የደረሰውን ቦታ ለሌላ ሰጥቶ ይሞታል፤ ተመልካቹም ያለቅሳል። እውነተኛው ባሬት ግን በ13ኛዋ ጀልባ ተርፎ ከ25,000 በላይ ጥያቄዎች በተጠየቁበት የለንደኑ ምርመራ ፊት ቀርቦ መስክሯል። ሁለተኛ ማዕረግ የሚሳፈሩት ባልና ሚስት ቢን በተውኔቱ ሲለያዩ እውነተኞቹ ሙሽሮች ሁለቱም ድነዋል። የመርከብ ኩባንያው ኃላፊ ብሩስ ኢስሜ ካፒቴኑን ፍጠን ፍጠን እያለ የሚጨቀጭቅ ክፉ ሆኖ ይቀርባል። የእንግሊዙ መርማሪ ዳኛ ሎርድ መርሲ ግን ኢስሜ በጀልባ በመሳፈሩ ሊወቀስ እንደማይገባ፣ ባይሳፈር በሟቾች ላይ አንድ ነፍስ ከመጨመር በቀር የሚያተርፈው እንዳልነበረ ፈርደዋል።

ድርሰት ድርሰት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። የዳልቢቲ ሰዎች ግን አላለፉትም። ተውኔቱ በተከፈተበት በዚያው በ1997 የወጣው የጄምስ ካመሮን ፊልም የመርከቧ ቀዳሚ መኮንን ዊልያም መርዶክ መንገደኛ ተኩሶ ገድሎ ራሱንም ሲያጠፋ አሳየ። የመርዶክ የትውልድ ከተማ የስኮትላንዷ ዳልቢቲ ልጇን በጀግንነት የምታስታውስ ናትና ተቆጣች። በኤፕሪል 1998 የፊልም ኩባንያው ኃላፊ ከተማዋ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ በመርዶክ ስም ተማሪዎች ለሚሸለሙበት የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መታሰቢያም 5,000 ፓውንድ ሰጠ። ሟች ከ86 ዓመት በኋላም የሚቆረቆርለት ሰው እንዳለው ሆሊውድ የተማረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ይህን ተውኔት የሚያነሣ ቡድን፣ በተለይ ከወጣቶች ጋር የሚሠራ፣ ለተመልካቹ በሚታደለው ወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ ለእውነተኞቹ ሰዎች ይተው። ባሬት መትረፉን፣ ቢኖቹ አብረው መትረፋቸውን፣ ኢስሜ በሕግ ፊት ምን እንደተባለ ይጻፍበት። ጸሐፊዎቹም ልጆቹ ይሁኑ፤ መዝገቡን ያገላበጡት እነርሱ ናቸውና።